ከሰዓት በኋላ የት ትውል ነበር

እናቷ በተቀበረች ማግስት ባልደረባዋ መጠይቁን በብብቱ ይዞ ለቅሶ ቤቱ መጣ። ትናንት ለቀብሩ መጥቶ አልቅሷል፣ ወንበር ተሸክሟል፤ የዛሬው አመጣጡ ግን ለሥራ ነው። በሩ ላይ ጫማውን ሲጠርግ ቆየ፣ ጃንጥላውን የት እንደሚያስደግፍ ግራ ገባው፣ በመጨረሻ «አለቃ ናቸው የላኩኝ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ለቀባሪው አታርዳ» አለችው መርማሪዋ። «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግባ።»

ሥራዋ ወረርሽኝ መመርመር ነው። ሐኪም የታመመ ሰው ሲመጣለት የት ጋ እንዳመመው ይጠይቃል፤ እሷ የምትጠይቀው ከመታመሙ በፊት የት እንደነበረ ነው። ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ፣ ከማን ጋር ዋልክ፣ ጎንህ ማን ተቀመጠ። የሞተ ሰው መልስ ስለማይሰጥ በእሱ ፋንታ የቅርብ ዘመዱ ይጠየቃል። መርማሪ ግን የገዛ ዘመዱን አይመረምርም፤ እንባ ያቀረረ ዓይን አጥርቶ አያይምና። ቤተሰቧ ገና በልጅነቷ «ዓቃቤ ሕግ» ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቷ፣ «ይቺ ልጄ እንደ ሰው ደህና ዋላችሁ አትልም፤ ፋይል ነው የምትከፍት» እያለች ታስቅባት ነበር። እነሆ ዓቃቤ ሕጓ ራሷ ምስክር ሆና ቀረበች።

ከተማው ውስጥ የገባው፣ እናቷንም የገደለው በሽታ የሳንባ ምች ነው፤ ግን እንደለመድነው ዓይነት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጀርሙ የሚኖረው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ሲረጭ፣ ብናኙ ዓይን የማያየው ጉም ሆኖ አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ሰው ከትንፋሹ ጋር ይስበዋል። ወጣቱ ሳያውቀው ያልፈዋል፤ አዛውንቱን፣ ሲጋራ ያደቀቀውን ሳንባ ግን ይጥላል። ስለዚህ የመርማሪዎቹ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ የትኛው ውሃ? ጥርጣሬያቸው አትክልት ገበያው ላይ ወድቋል። እዚያ ጣሪያው ሥር የተዘረጋ ቀጭን ቱቦ ቅጠላ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይረጫል፤ የታመመውም ከሞላ ጎደል ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን ገበያ ወጥቻለሁ ይላል።

ባልደረባዋ አንቱታና አንቺነት እየተምታታበት ማንበብ ጀመረ። እሷ ግን ጥያቄውን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። መጠይቁን በቃሏ ታውቀዋለች፤ እሱ «ውሃ የሚ...» ሲል እሷ መልሱን ሰጥታ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሲጋራ? አታጨስም። ጉዞ? የለም። ገበያ? አዎ፣ ትወጣለች።

«ከሰዓት በኋላስ የት ትውል ነበር?»

«ቤት።»

«ሁልጊዜ?»

«እናቴ እኮ ናት» አለችው፤ እሱም አፍሮ ጻፈ።

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ተሠራ፤ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ ደግሞ የዚህ ሥራ ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሐዘንተኛ ቢሆን ያስባል፣ ይጠራጠራል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። እሷ ግን ከየጥያቄው ጀርባ የትኛው መልስ እንደሚጠበቅ ታውቅ ነበርና፣ ያየችውን ሳይሆን የሚመስላትን ተናገረች። እናቷን የምታየው እሁድ እሁድ ጠዋት ነው፤ ያውም ሰዓቷን እያየች። ከሰዓት በኋላ እናቷ ቤት መኖሯን አንድም ቀን መጥታ አላረጋገጠችም።

በማግስቱ ገበያው ተዘጋ። ከሟቾቹ መካከል የመርማሪዋ እናት መኖሯ ነገሩን አጠናክሮት ነበር፤ የሌላው ቤተሰብ ቃል ቢጠረጠር የእሷ ቃል ይጠረጠራል እንዴ? ነጋዴዎቹ የሚበሰብስ ዕቃቸውን አስፋልት ዳር ዘርግተው ተቀመጡ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባዩ ቁጥር፣ «የሽንኩርት ፖሊሶች መጡላችሁ» ይላሉ። አንዷ ጎመን ሻጭ የመርማሪዋን ባልደረባ አስቁማ፣ እኔ ቱቦው ሥር ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሳል የሚባል አላውቅም፣ ከፈለግህ ጀርባዬን አዳምጥ ብላ ዞረችለት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ማታ ለመርማሪዋ በስልክ ሲያወራላት ግን ድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

መርማሪዋ ያንን ከሰማች ወዲህ ወንበሩ እሾህ ሆነባት። በሥራዋ የታመመ ሰው ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ መታመም ሲገባው ያልታመመው ከታመመው እኩል ይመዝናል። ቀኑን ሙሉ ቱቦው ሥር የምትውለው ሻጭ ሳትስል፣ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ብቅ ብሎ የተመለሰው ሽማግሌ እንዴት ሞተ? አለቃዋ፣ ከርታታ ሐሳብ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ሻጮቹ ለምደውት ይሆናል አሉ። የታመሙት ከሞላ ጎደል ሁሉ ገበያ ሄደዋል፣ አንቺም የእናትሽን መስክረሻል፤ አሁን ሐዘንሽን ተቀመጪ አሏት።

ተቀመጠች፤ ግን መቀመጥ ከተባለ ነው። ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ ሲወጣ ትሸኛለች፣ መሸኘቱን መንገድ ድረስ ታረዝመዋለች። የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። ስልኳን ይዛ ጓሮ ትወጣና አዲስ ታማሚ ገብቷል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ታናሽ ወንድሟ፣ «እባክሽ አንድ ቦታ እረፊ፤ የመጣው ሰው ሁሉ አንቺን እያየ አንገቱ ተቀጨ» አላት። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይባቸው ቀናት አለፉ፤ ገበያው ዝግ ነው፣ ቱቦው ደርቋል። አዲስ ታማሚ ግን መጣ። በበነጋውም መጣ። ውሃው የትም ይሁን የት፣ ዛሬም እየፈሰሰ ነው። እናቷን የበላው ውሃ የሌላ ሰው እናት እየጠበቀ ነው፤ እሷ ደግሞ ብርድ ልብስ ታጥፋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሴቶቹ ለቅሶ ደክሞት ወደ ጨዋታ አዘነበለ። ሐዘን እንደዚህ ነው፤ ሲያለቅሱ ቆይተው ድንገት ስለ ሟች አንድ አስቂኝ ነገር ይነሳል፣ ከዚያ ሳቁ ራሱ ያስለቅሳል። አንዷ ሟች ዘፈን ስትዘፍን ድምጿ እንዴት እንደሚሰበር አስመሰለች፤ ሌላዋ ሟች፣ የሰው ልጅ በሙሉ ጨው መመጠን አያውቅም ትል የነበረውን አነሳች። የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ እዚያ ነበረች፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን አፏ በር የለውም።

«እኔማ ፀጉሯ ነው የሚናፍቀኝ» አለች። «ሐር ነበር እኮ። ደግሞ ጥድፊያዋ፤ ‹ቶሎ በይ፣ ከሰዓት መውጫዬ ደረሰ› ትለኛለች። እኔም ለሠርግ ነው ወይስ ለምርጫ እላታለሁ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጥግ ላይ የተቀመጠችው አክስት፣ የሟች ታናሽ እህት፣ ሳል የሌለባት ሴትዮ ድንገት ሳለች። ፀጉር ሠሪዋ ፊቷ ተለዋወጠና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች። የመርማሪዋ ጆሮ ግን ቆሟል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ስታነብ የኖረች ናት፤ እንዲህ ያለ ሳል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም።

አክስቷን ማድ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘቻት። በሩን ዘጋች።

«የት ነበር የምትወጣው?»

አክስትየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ እንደገና አጠበችው። የሞተ ሰው ገመና አፈር ከለበሰ በኋላ አይቆፈርም አለች። የእህቷ ልጅ ለመነች፤ አክስትየው ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው። ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋችው።

«አክስቴ፣ እኔ ገመና አይደለም የምፈልገው። ቦታ ነው።»

«ቦታው እኮ ነው ገመናው፣ የእህቴ ልጅ።»

«ሰው እየሞተ ነው። እማዬ እንደሞተችው ነው የሚሞተው፤ ትንፋሽ እያጠረው። ገበያው ከተዘጋ ወዲህ እንኳ...»

«የምን ገበያ?» አለች አክስትየው ዞር ብላ። «በዚያ ጉልበቷ ገበያ የሚባል ከረገጠች ስንት ጊዜዋ? ጎረቤት ነው የሚገዛላት። አንቺ ይህን አታውቂም?»

ልጅቷ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደገፈች። ያስጻፈችው አንድ «አዎ» ስንቱን ነጋዴ አስፋልት ላይ እንዳስቀመጠ፣ መርማሪዎቹንም የት እንደመራቸው ታያት። አክስቷ ፊቷን አይታ አዘነችላት፤ ግን ምላሷን አልመለሰችም። «የራስሽ እያረረ የሰው ታማስያለሽ» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነገረቻት።

እናቷ ሰው ነበራት። ሚስቱ የሞተችበት፣ እርጋታ ያለው፣ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓቷን ልታሠራ ሄዳ ነው የተዋወቁት፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓቷ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር፤ አክስትየው ይህን ስትል ሳትወድ ፈገግ አለች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይገናኛሉ፤ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሳይመሽ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ልጆቼ ይስቁብኛል፣ በዚህ ዕድሜዋ ይሉኛል ብላ ደበቀች። የት እንደሚቀመጡ ግን ለእህቷም አልተናገረችም። «ልቧን እንጂ መንገዷን አልነገረችኝም» አለች አክስትየው።

መርማሪዋ ሰዓት ሠሪ ሲባል የታማሚዎቹ ዝርዝር ትዝ አላት። ሆስፒታል ውስጥ ያለ አንድ ታማሚ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በበሽታው መጀመሪያ ላይ የገባ፣ እስካሁን በኦክስጅን ያለ። ባልደረባዋ ሁለት ጊዜ ጠይቆት ከቤቴ ሱቄ፣ ከሱቄ ቤቴ ብቻ ብሎ ነበር። መንገድ ላይ የቆየህበት ቦታ ቢሉት ከቤቴ ሱቄ። ከሰው ጋር የተቀመጥክበት ቢሉት ከሱቄ ቤቴ። ባልደረባዋ ተስፋ ቆርጦ፣ ሰውየው እንደ ራሱ ሰዓት በጀርባ የተከደነ ነው፣ ብሎን መፍቻ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር።

ለአለቃዋ ደወለች። የመሰከርኩት ውሸት ነው፤ እናቴ ገበያ አትሄድም፤ ከሰዓት በኋላም ቤት አልነበረችም፤ የት እንደነበረች የሚያውቀውን አግኝቼዋለሁ አለች። አለቃዋ ደንቡ እንደሚከለክላት፣ ሌላ ሰው መሄድ እንዳለበት ተናገሩ። ለሌላ ሰው አይናገርም አለቻቸው። እንግዲያው ባልደረባሽ በር ላይ ይቁም አሉ።

የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል። ሰዓት ሠሪው ትራስ ተደርቦለት በመስኮት ያያል። ቀጭን፣ ጺሙ በሌላ ሰው እጅ የተላጨ፣ ጣቶቹ አንሶላው ላይ ትንሽ ነገር የሚፈቱ ይመስል የሚንቀሳቀሱ ሰው ነው። ሥራዋ እንዳስተማራት በቀላሉ ልትጀምር አስባ ነበር፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትንፋሽ። አላደረሳትም።

«አንቺ የእሷ ልጅ ነሽ» አለ። «ግንባርሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደህና ናት?»

ማንም አልነገረውም። የከተማው ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተረድቷል፤ ባሕር ማዶ ላለው ሳይቀር ስልክ ተደውሏል፤ ለዚህ ሰው ግን መርዶ የሚልክ አልነበረም፤ መኖሩን ያወቀ የለምና። እንደታመመ እንኳ ሳታውቅ ቀርታ ይሆን ያልመጣችው፣ ወይስ አፍራ ይሆን፣ በዚያ አልጋ ላይ ሲያብሰለስል የሰነበተው ይህን ነው። መርማሪዋ አፏን ከፈተች። ደህና ናት ብትለው ይደሰታል፤ ተደስቶም ስሟን ሊጠብቅ ዝም ይላል። እውነቱን ብትነግረው ያ ደካማ ደረት ምን ይሆናል? ወንበሩን ስባ ተጠጋች፤ ተነሳች፤ እንደገና ተቀመጠች።

«አርፋለች፣ አባባ» አለች። «በዚሁ በሽታ።»

ጣቶቹ ቆሙ። ኦክስጅኑ ብቻ ይተነፍሳል። እሷ በሙያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጣዩን ጥያቄ አጣችው።

«የመጡት ልጅ ሲጠይቁኝ» አለ በመጨረሻ፣ «የደበቅኩት ስሟ እንዳይነሳ ብዬ ነው። ሰው መጥፎ ነው፤ በእርጅናዋ ምን አገኛት ይላል።»

«አይነሳም። እኔ አላስነሳም።»

«የለም፣ ይነሳ። አሁን ማን ይቆጣታል?»

ከዚያ እየቆመ፣ እየተነፈሰ ነገራት። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለው ትልቁ የሱቆች ሕንፃ ውስጥ፣ መግቢያው አዳራሽ ላይ፣ ውሃ በሞተር እየተገፋ በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚወርድበት ፏፏቴ አለ። ዙሪያው የድንጋይ መቀመጫ ነው። ግዙ የሚል የለም፣ ተነሱ የሚል የለም፤ የሰፈሩ አዛውንት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። እሷ ጉልበቷን ሳታደክም በአውቶቡስ በሩ ድረስ ትመጣለች፤ መስኮቱ ጋ መቀመጥ ትወድ ነበር፤ ውሃው አጠገብ ያስቀመጣት እሱ ነው።

«ውሃው ይጮሃል» አለ። «የምናወራውን ሰው አይሰማም ብዬ ነው። ስትስቅ ድምጿ ከፍ ይል ስለነበር። ፍንጣቂው ሲነካት ደስ ይላት ነበር፤ ፊቷን ትሰጠዋለች።» አያት። «ውሃው ነው?»

እንዲህ ላለው ጥያቄ የሙያዋ መልስ አንድ ነው፤ ናሙናው ተመርምሮ እስኪታወቅ ምንም ማለት አይቻልም። ይህንኑ አለችው። ዓይኗን ግን መግዛት አልቻለችም፤ እሱ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ጥቃቅን ነገር ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጁን ያዘችው፤ አልነጠቃትም።

ባልደረባዋ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ግንባሩን መታ። ሕንፃው አውቶቡስ ማቆሚያውንና አትክልት ገበያውን የሚያገናኝ አቋራጭ ነው፤ ሰው በአንዱ በር ገብቶ በፏፏቴው አጠገብ አልፎ በሌላው ይወጣል። የት የት ሄድክ ተብሎ ሲጠየቅ ገበያ ይላል፤ ማለፍን እንደ መሄድ የሚቆጥር ማን አለ? ሻጮቹ ደግሞ በጭነት መኪና በገበያው የኋላ በር ነው የሚገቡት፤ አዳራሹን አይረግጡም። እሱ ራሱ ገበያውን ሊመረምር ሲመላለስ በየቀኑ በዚያ አቋርጧል፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሙቀት ሲበዛበት መነጽሩን በዚያው ውሃ አጥቧል።

ሕንፃው ሲደርሱ አለቃዋ ቀድመው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ክርክር ገጥመዋል። ሥራ አስኪያጁ ሽቅርቅር ሰው ነው፤ ፏፏቴው የሕንፃው ውበት ነው፣ ማስረጃ አምጡ ይላል። ማስረጃው ናሙናው ውስጥ ያለው ጀርም እስኪያድግ ድረስ ቀናት ይፈልጋል። እስከዚያ ስንት ሰው በፏፏቴው አጠገብ ያልፋል? ሥራ አስኪያጁ ግን፣ ትላንት ሽንኩርት ላይ ነበራችሁ፣ ዛሬ ውሃ፣ ነገ ደግሞ አየሩን ትዘጋላችሁ አለ። አለቃዋ በትዕግሥት፣ ትላንት ተሳስተን ነበር አሉት። መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ተሳስተሻል አላሏትም፤ ተሳስተን አሉ።

ባልደረባዋ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ከውሃው በጠርሙስ ቀዳ፤ ከሞተሩ ጋ የተጋገረውን አተላ በጥጥ ጠረገ። ከዚያ አንድ ቴክኒሻን ከደረጃው ሥር ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ ማጥፊያውን ተጫነው። ውሃው ትንሽ አመነታ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ድምፁ ሲኖር ያላስተዋሉት ሲጠፋ ሰሙት። ጫማ ሻጩ በሩ ላይ ወጣ። የሰው ኮቴ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሚከፈት መሳቢያ፣ ሁሉም እርቃኑን ተሰማ።

ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት አዛውንት ግን አልተነሱም። ሁለት ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን በሹክሹክታ ቀጠሉ። መርማሪዋ ፊታቸው ቆማ፣ ውሃው ለሳንባ የሚያሰጋ መሆኑን፣ አሁኑኑ መውጣት እንዳለባቸው፣ የሚያስለው ወይም የሚያተኩሰው ካለ ዛሬውኑ እንዲናገር አስረዳች። አንዱ፣ እኛን በሽታ ፈልጎ አጥቶን አያውቅም አለ። ሌላው ሳቀ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት፣ ከዘራዋን በሁለት እጇ የያዘች፣ የመርማሪዋን ጥቁር ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ታዲያ የት እንቀመጥ?» አለች። ነገር ለመፈለግ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

መርማሪዋ ዙሪያዋን አየች። መንገዱ ላይ ፀሐይ ነው፣ አስፋልት ነው፣ የሚጮህ አውቶቡስ ነው። ካፌው የሚገዛ ሰው ይፈልጋል። ቤት ደግሞ፣ ቤት መዋል የሚችሉ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልመጡ። ዘበኛው ጋ ሄዳ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር ለመነችው፤ እሱም አንገራግሮ ሰጣት። ባልደረባዋና እሷ ተጋግዘው ወደ ውጭ፣ ወደ ሕንፃው ጥላ አወጡት። ለሦስት ሰው ይበቃል። ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ግን ከዚያ ይበዛሉ።

አሮጊቷን በክንዷ ይዛ አስነሳቻት። ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። አሮጊቷ በየጥቂት እርምጃው ቆም እያለች ወደ ደረቀው ድንጋይ ትዞራለች።

«ነገ ይከፈታል?»

«ነገ አይከፈትም፣ እማማ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«አላውቅም» አለች መርማሪዋ፤ አሮጊቷን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና የቀሩትን ልታመጣ ተመልሳ ገባች።